የሳን ሆዜ አጥርና የሳሮን አሥራ አንድ ኳሶች

ሰኞ

"አጥራችሁ ቅርብ ስለሆነ ነው" አለቻት። እንዲህ አለቻት! የልጅ ልጄን ሳሮንን፣ ዘንድሮ እዚህ ሳን ሊያንድሮ አሥራ አንድ ሆምራን የመታችውን! ልጅቷ አሥራ አንድ ጊዜ ኳሷን አጥር አሻግራ፣ ምስጋናው ለአጥሩ ሆነ።

ተናጋሪዋ የሳን ሆዜው የሴቶች ቤዝቦል ቡድን አሠልጣኝ ናት። ሳሮን እዚያ ቡድን ለመግባት ዓመቱን ሙሉ ስትለፋ ከርማለች። ቅዳሜ ትራይአውት፣ የመመልመያ ፈተና፣ አለባት። ሴትዮዋ ግን ገና ስትመታ ሳታያት "የሳን ሊያንድሮ ሆምራን እኔ አልቆጥርም" ብላታለች። ልጅቷ ዱላዋን ኮሪደሩ ላይ ጥላ ክፍሏ ገባች። "አይ ዶንት ኬር፣ አባባ" አለችኝ ከውስጥ። ግድ የሌለው ሰው በር አይቆልፍም።

እኔ ደግሞ አገር ቤት ሠላሳ ዓመት የመንገድ ቀያሽ ነበርኩ። እዚህ መጥቼም ኦክላንድ ስታዲየም በር ላይ መኪና ሳስቆም ኖሬያለሁ፤ ቤዝቦልን የተማርኩት ከውስጥ ከሚሰማው ጩኸት ነው። ቅርብና ሩቅን ለእኔ የሚያስተምረኝ የለም። ነገ እለካለሁ።

ማክሰኞ

የእኛን ሜዳ ለካን። የሜትሩን ጫፍ የያዘልኝ ገብረአብ ነው፤ ጎረቤቴ፣ ጡረታ የወጣ የአስመራ ልብስ ሰፊ፣ ነገረኛ። "እኔ የምለካው ወገብ ነው፣ ሜዳ ለክቼ አላውቅም" እያለ ከመቺዋ መቆሚያ እስከ አጥሩ አብሮኝ ተጎተተ።

የሜዳው ጥበቃ መጥቶ ከየት መሥሪያ ቤት እንደሆንን ጠየቀን። "ከመንገድ ሥራ" አልኩት። የየት አገር መንገድ ብሎ አልጠየቀኝም። አመስግኖን ሄደ።

የግራው አጥር፦ ሩቅ ነው። የመሀሉ፦ ሩቅ ነው። የቀኙ፦ የሳን ሆዜውን ሳልለካ አልጽፍም።

ረቡዕ

ወደ ሳን ሆዜ በባቡር፣ ከዚያ በባስ። ቀኑን ሙሉ ፈጀብን፤ የገብረአብም ጉልበት አበጠ።

ሴትዮዋ ልክ ናት። ይኸው ጻፍኩት።

የእኛ የቀኝ አጥር ከእነሱ በአሥራ ስድስት እርምጃ ይቀርባል። ከጀርባው መንገድ ስላለ ሜዳው እዚያ ጋ ተቆርጧል። ሳሮን ደግሞ ግራኝ ናት፤ ግራኝ አጥብቃ ስትመታ ኳሱ የሚሄደው ወደ ቀኝ ነው። አንድም ጨዋታ ስላላመለጠኝ እያንዳንዱ ኳስ የት እንደወደቀ አውቃለሁ። ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ። ከአሥራ አንዱ የሳን ሆዜን አጥር የሚያልፉት አራት ብቻ ናቸው።

"አምስት አድርገው እንጂ፣ ቀያሹ" አለኝ ገብረአብ፣ "ልብስ ሰፊ እንኳ ለስፌት ትንሽ ትርፍ ይተዋል።"

አልጨምርም። ለልጅቷም አልነገርኳትም። ፈሪ!

ሐሙስ

ሽማግሌ ሆነን ሄድን። የተጣላ ሰው ሽማግሌ ይልካል። ሚስት የፈለገ ይልካል። ታዲያ ቡድን የፈለገ የማይልከው ለምንድን ነው? ከራባት አሰርን።

አሠልጣኟ ወንበር አቀረበችልን። "የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም" አልኳት። ደግማ አቀረበች። ቆምን። በሦስተኛው ገብረአብ ጉልበቱን እያሻሸ ተቀመጠ። ከሃዲ!

"ስለ ልጅቷ ከሆነ" አለች ሴትዮዋ፣ "ቅዳሜ ራሷ ትምጣ። አያት ለልጅ ልጁ መትቶ ሲያስገባ አይቼ አላውቅም።"

"ብመታማ አጥርሽ አይበቃሽም" አልኳት። ሳቀች። ግን "እሺ" አላለችም።

ቤት ስደርስ አሠልጣኟ ለሳሮን እናት ቴክስት አድርጋ ኖሯል። "ኦ ማይ ጋድ፣ አባባ! በከራባት ሄድክ?" ሳሮን ስትናደድ "እርስዎ" ማለት ይጠፋባታል። "አሁን ብገባ እንኳ አያቷ ለምኖላት ነው ይላሉ!" እራት ላይ ዞራም አላየችኝ። ይሄ አመመኝ።

ዓርብ

ጠዋት ላይ፣ ሁለቱን ሜዳ ለክቼ የሳልኩበትን ወረቀት ሰጠኋት። "አራት ናቸው" አልኳት። "ሰባቱን አጥሩ ነው የረዳሽ።"

ታለቅሳለች ብዬ ነበር። ወረቀቱን ወደ መብራቱ አስጠግታ ብዙ አየችው። ከዚያ ጣቷን የሳን ሆዜው ሜዳ ላይ፣ በመሀልና በቀኝ መካከል አደረገች። "እዚህ ማን ነው የሚቆመው?"

"ማንም" አልኳት። አጥሩ ሲርቅ ሜዳው ይሰፋል፤ ከኋላ የሚቆሙት ግን ያው ሦስት ናቸው። ማሳው ሰፍቶ ጠባቂው ካልተጨመረ ወፍ ይጠግባል።

"ሶ… ኳሱን ከፍ ማድረግ የለብኝም" አለች። ከትምህርት ቤት መልስ ዝቅ እያደረገች ስትመታ አመሸች። ኳስ ለቃሚው እኔ ነበርኩ። ወገቤ!

ቅዳሜ

የመጀመሪያው ኳስ ከፍ ብሎ ሄደ። ልማድ አይለቅም። ሳን ሊያንድሮ ቢሆን መንገድ ላይ ይወድቅ ነበር፤ እዚህ ግን አጥሩ ሥር ተቀለበ፤ የተቀለበ አይቆጠርም። አሠልጣኟ ዞራ አየችኝ። እኔም አየኋት። ዓይኔን አልሰበርኩም።

ሁለተኛውም ተቀለበ። ሳሮን ከመቺዋ መቆሚያ ወጣ ብላ ጓንቷን አጠበቀች። ወደ እኔ ግን አላየችም፤ ጎበዝ።

ሦስተኛው ዝቅ ብሎ በሁለቱ ጠባቂዎች መካከል አልፎ አጥሩ ድረስ ተንከባለለ። ኳሱ ተለቅሞ ሲመለስ ልጄ ሦስተኛው ቤዝ ላይ፣ ዙሩን ለመጨረስ አንድ ማረፊያ ቀርቷት፣ አቧራዋን ታራግፋለች። አራተኛውም እንደዚያው። ሴትዮዋ ጻፈች፤ ምን እንደጻፈች አላሳየችም። "ነገ ኮል አደርጋለሁ" ብቻ አለች።

እሁድ

ደወለች። ሳሮን ስልኩን ይዛ ቆማ አዳመጠች፤ ሦስት ጊዜ "ኦኬ" አለች። ፊቷ ምንም አይናገርም፤ በእኔ ወጥታለች።

ገብታለች! ቋሚ አይደለችም፤ ለአንድ ወር ይሞክሯታል። ከወሩ በኋላ የሚሆነውን ማንም አያውቅም።

"አንድ ኮንዲሽን አለ፣ አባባ" አለችኝ። "እርስዎ ከአጥሩ ውስጥ እንዳይገቡ።"

ደግ። ከየትኛው አጥር ውጪ እንደምቀመጥ ግን አልወሰነችም። በቀኝ በኩል ጥላ ያለበት ቦታ መርጫለሁ። ገብረአብ "ኳስ ይመታሃል" ይላል።

ይምታኝ።