በተረኞች ሰሌዳ ላይ ስለጻፍኩት የሐሰት ስም

ቀን፦ ማርች 9/2026 እ.ኤ.አ.

ለናዋይሌቩ ሆስፒታል የሥራ አመራር ቦርድ ሰብሳቢ
ቫኑዋ ሌቩ፣ ፊጂ

ጉዳዩ፦ በነርስ ኬሌራ ናይቮዋ ላይ የተላለፈው የእገዳ ውሳኔ እንዲነሳና የአጣሪ ኮሚቴው ሪፖርት እንዲታረም ስለመጠየቅ

ክቡር ሰብሳቢ፣

1. እኔ አመልካች ሲስተር ኡናይሲ ቶካላው በሆስፒታሉ የወሊድ ክፍል ለሃያ ሁለት ዓመት፣ ከዚያም ውስጥ ስድስቱን በክፍል ኃላፊነት አገልግያለሁ። ለቦርዱ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

2. ቅዳሜ ፌብሩዋሪ 14 ቀን ወ/ሮ ሜሬዋይ የተባሉ የሃያ ስድስት ዓመት እናት ሦስተኛ ልጃቸውን በሰላም ከተገላገሉ በኋላ ደም ፈሷቸው በክፍላችን አርፈዋል። አጣሪ ኮሚቴው፣ «በዕለቱ ሁለት ነርሶች ተመድበው ስለነበር የሠራተኛ እጥረት አልነበረም» ካለ በኋላ ጥፋቱ የነርስ ኬሌራ ቸልተኝነት ነው ሲል ደምድሟል። ኬሌራ ሥራ ከጀመረች ሁለት ዓመቷ ነው።

3. ሁለት ነርሶች አልነበሩም። ሁለተኛዋ ተብላ የተመዘገበችው ነርስ ቶሪካ ከዚያ ቀን ሦስት ሳምንት ቀደም ብላ ሥራዋን ለቃ ናንዲ ውስጥ በአንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ሆናለች። ስሟን የተረኞች ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ኮሚቴው ይህን አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተናገርኩም።

4. ክፍላችን አሥራ አንድ ነርሶች ያስፈልጉታል። ባለፈው አንድ ዓመት ሰባቱን ሸኝተናል። አምስቱ አውስትራሊያ የአረጋውያን መጦሪያ ገቡ፣ ሁለቱ ሙያውን ጭራሽ ተዉት። በየሽኝቱ ኬክ እንቆርሳለን፣ እናለቅሳለን፣ ከዚያ የሄደችው ነርስ ትይዛቸው የነበሩትን አልጋዎች ተከፋፍለን ወደ ሥራ እንመለሳለን። ክፍት ቦታዎቹን ባዶ አድርጌ ሰሌዳውን በላክሁ ጊዜ ከአስተዳደር በኩል የተሰጠኝ መልስ፣ «ሲስተር፣ ባዶ ካሳየን እኮ ክፍሉን ይዘጉብናል። እናቶቹ በጀልባ የት ይሂዱልሽ? ለጊዜው ስም ሙይበት» የሚል ነበር። እናቶቹን አሰብኩና ሞላሁ። አንዴ ከሞላሁ በኋላ በየሳምንቱ መሙላት ቀላል ሆነልኝ።

5. በዚያች ቅዳሜ አሥራ ዘጠኝ እናቶች ከኬሌራ ጋር ብቻቸውን ነበሩ። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ በማዋለጃው ክፍል ሌላ እናት እያዋለደች ሳለ ሕፃኑ በእግሩ መጥቶ ጭንቅላቱ አልወጣ አለ። በዚያው ቅጽበት አንዲት ጠያቂ፣ ሴት አያት ናቸው፣ በሩ ላይ ደርሰው፣ «ልጄ፣ የዚያች የጥጓ ልጅ አንሶላ በደም ርሷል» አሏት። ጥጉ አልጋ ላይ የነበሩት ወ/ሮ ሜሬዋይ ናቸው። ኬሌራ፣ «እጄን ካነሳሁ ይሄኛው ይሞትብኛል፤ ሌላዋን ነርስ ይጥሩልኝ፣ እናቴ» አለች። ልማድ ሆኖባት እንጂ ሌላ እንደሌለች ታውቃለች። አያት ኮሪደሩን ከዳር እስከ ዳር ሮጠው ማንንም አላገኙም። ሐኪሙ ቀዶ ሕክምና ላይ ነበሩ። ኬሌራ እዚያው እንደቆመች፣ «ከኪሴ ስልኩን አውጥተው ለሲስተር ኡናይሲ ይደውሉ፤ ከዚያ ደሙ እንዲቆም የልጅቷን ሆድ ከእምብርቷ በታች አጥብቀው ይሹት» ብላ አዘዘቻቸው። አያት እንዳለቻቸው አደረጉ። ኬሌራ ሕፃኑን አውጥታ እስክትደርስ አሥራ ሁለት ደቂቃ አለፈ። ኮሚቴው ቸልተኝነት ያለው እነዚህን ደቂቃዎች ነው።

ስልኬ አምስት ጊዜ ጠርቷል። አሥራ ስድስት ሰዓት ሠርቼ ጠዋት ስለወጣሁ ተኝቼ ነበር፤ አልሰማሁም። ቤቴ ከሆስፒታሉ በእግር ስምንት ደቂቃ ነው።

6. ባለፈው ሳምንት ወንድሜን አስከትዬ፣ የዓሣ ነባሪ ጥርስ ይዤ፣ እንደ ደንባችን ይቅርታ ለመጠየቅ ወደ ሟች ቤተሰብ መንደር ሄጄ ነበር። በሩ አጠገብ ምንጣፉ ላይ ተቀምጬ ሰሌዳውን እንዴት እንደሞላሁ ሳልደብቅ ነገርኳቸው። የሟች ባለቤት አጎት፣ «ጥርሱን ተቀብለናል፣ እህቴ» አሉ። ባለቤቱ አቶ ኢሲኬሊ ግን ሕፃኗን እንደታቀፉ፣ «ሆስፒታሉ ያቺ ልጅ ሚስትህን ጥላት ሄደች ነው ያለኝ። እኔም እስከዛሬ ስሟን እየጠራሁ ስረግማት ነው የከረምኩት። ይሄን ለእኔ ብቻ ነግረሽኝ ምን ይሠራልኛል? ለእነሱም ንገሪያቸው» አሉኝ። ይህን አቤቱታ የምጽፈው ስለዚህ ነው።

7. ኬሌራን እናቷ ቤት አገኘኋት። ደላሎች በአውስትራሊያ ሥራ እንደሚያስገቧት እየደወሉላት እንደሆነ ሰምቼ ስጠይቃት፣ «እዚያስ ቢሆን ታማሚ አይደል ያለው? የጓንት ሽታ ሲመጣብኝ ያስመልሰኛል፣ ሲስተር» አለችኝ። ክቡር ሰብሳቢ፣ ባለፈው ወር ነርሶች ለምን እንደሚለቁ የሚጠይቅ ቅጽ ልካችሁልን ነበር። ደመወዝ፣ ቤተሰብ፣ ሌላ የሚሉ ሳጥኖች አሉት። ምልክት ሳላደርግ መልሼዋለሁ። ኬሌራ የምትገባበት ሳጥን አጣሁ።

8. ስለሆነም፣
ሀ/ ሪፖርቱ በዕለቱ አንዲት ነርስ ብቻ እንደነበረች በሚገልጽ ቃል እንዲታረም፤
ለ/ የኬሌራ እገዳ ተነስቶ የሙያ ፈቃዷ እንዳይነካ ለሚመለከተው ክፍል እንዲጻፍላት፤
ሐ/ ከቦርዱ አንድ ሰው ወደ መንደሩ ሄዶ እውነቱን ለቤተሰቡ በአካል እንዲናገር፤ በደብዳቤ እንዳይሆን በትሕትና እለምናለሁ።
ስለ ሐሰተኛው ሰሌዳ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ። የሚወሰንብኝን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ። ሆኖም ስም እንድሞላ የታዘዝኩበት መንገድም አብሮ እንዲጣራ እጠይቃለሁ።

9. በክፍሉ ከእኔ ሌላ የቀሩት ነርሶች ሁለት ናቸው። አንዷ ፓስፖርቷን አውጥታለች። ትናንት ሻይ ላይ ሳለን፣ «ነገ እኔ ላይ ቢደርስ ማነው የሚቆምልኝ?» ብላ ጠየቀችኝ። ቦርዱ የሚሰጠኝን ምላሽ፣ ደስ ቢያሰኝም ባያሰኝም፣ ለሁለቱም እንዳለ አነብላቸዋለሁ።

ከትሕትናና ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

ፊርማ
ሲስተር ኡናይሲ ቶካላው
የወሊድ ክፍል ኃላፊ

ግልባጭ፦
ለነርስ ኬሌራ ናይቮዋ
ለአቶ ኢሲኬሊ፣ የሟች ባለቤት