የእናቴን አውራ ጣት ስላስመረመረኝ ኮርስ

ለተከበሩ ዶክተር ኤቭያታር፣
በኮሌጃችን የኮሙኒኬሽን ትምህርት ክፍል የታሪካዊ ምርምር ዘዴ መምህርና የሴሚናር ኮሚቴ ሰብሳቢ

ቂርያት ጋት፣ እስራኤል፣ ሰኔ 2015 ዓ.ም.

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና ለቀይ እስክሪብቶዎ ጤናና ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአማርኛ ጽፌ በማኅበራችን ጋዜጣ ማውጣቴ እርስዎን ለማስቸገር አይደለም፤ አንድ ተመራማሪ ምንጩን በተጻፈበት ቋንቋ ማንበብ አለበት ብለው ያስተማሩንን አክብሬ ነው።

ካላስታወሱኝ፣ ከኢንዱስትሪ ቀጠናው የጠዋት ሚሽመረት፣ ማለትም የጠዋት ፈረቃ፣ ጨርሼ የሥራ ጫማዬን ሳልቀይር የምደርሰውና ከኋላ የምቀመጠው የአርባ አንድ ዓመቷ ሙሉእመቤት ነኝ። የሴሚናር ወረቀቴ ከጎንደር ወደዚህ ስለሚላኩ ደብዳቤዎች ታሪክ ሲሆን፣ ምንጮቼም እናቴ ወይዘሮ ትብለጥ ከ1998 እስከ 2003 የላከችልኝ ዐሥራ ስድስት ደብዳቤዎች ናቸው። ኮሚቴዎ ወረቀቱን ስለመለሰልኝ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ፤ ሥርዓት እንደሚወዱ አውቃለሁና።

አንደኛ፣ ስለ ትምህርቱ አመሰግናለሁ። ጽሑፍ የሚለውን ከማመን በፊት፣ ጽሑፉ በእርግጥ የባለቤቱ መሆኑን አጣሩ ብለውናል። ይህን ከመማሬ በፊት እናቴን የማምን ተራ ሴት ነበርኩ። እናቴ መጻፍ ስለማትችል እሷ የምትለውን ወንድሜ ቸሩ ይጽፍላት ነበር፤ ከታች ደግሞ አውራ ጣቷን ቀለም አስነክታ ታትማለች። ያችን ጣቷን በልጅነቷ ማጭድ ቆርጧት ስለነበር በአሻራዋ መሐል ነጭ መስመር ያልፋል። የቤት ሥራውን ለመሥራት ደብዳቤዎቹን በየቀናቸው ደርድሬ በአጉሊ መነጽር ሳይ፣ መስመሩ እስከ ዘጠነኛው፣ ማለትም እስከ ነሐሴ 2001 ድረስ አለ። ከዐሥረኛው ጀምሮ ያለው ጣት ግን ጤነኛ ነው። እርስዎ እንዳዘዙት ሦስት ጊዜ አየሁት። እኔ የእናቴን ሞት የተረዳሁት በ2003 ነው። የመጨረሻዎቹን ሰባት ደብዳቤዎች ለካ ቸሩ ከራሱ አውጥቶ ጽፎ በራሱ ጣት አትሟቸዋል። ደብዳቤ በደረሰኝ ቁጥር ያን አሻራ እስም ነበር፤ ሰባት ጊዜ የወንድሜን ጣት መሳሜን ያወቅሁት በኮርስዎ ነው።

ሁለተኛ፣ በወረቀቴ ጠርዝ ላይ ጸሐፊዋ ከርዕሰ ጉዳዩ በቂ ርቀት አልጠበቀችም ተብሎ ተጽፏል። እናቴ ስትሞት እሷ ጎንደር፣ እኔ ደግሞ እዚህ አገር አዲስ ገቢዎች በሚያርፉበት መርካዝ ክሊታ ነበርኩ። ከዚህ የበለጠ ርቀት የሚገኝበትን ቦታ ኮሚቴው ቢጠቁመኝ ውለታውን አልረሳም።

ደግሞም ሰባቱን ደብዳቤዎች ኮሚቴው የተጭበረበረ ማስረጃ ብሏቸዋል። በእኛ ወግ መርዶ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም። ዘመድ ቀድሞ ይጠራል፣ የሚደግፍ ሰው አጠገቡ ይቀመጣል፣ ሽማግሌዎች በማለዳ ይመጣሉ። እኔ በመርካዝ ክሊታው ክፍሌ ውስጥ ማንም ስላልነበረኝ፣ ሰው እስካገኝ ድረስ እናቴ በሕይወት መቆየት ነበረባት። ወደ ቂርያት ጋት መጥቼ ከጎንደር ሰዎች ጋር ስተዋወቅ ነው ከእነሱ አንዱ የነበሩት አቶ ዳኘው፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ሽማግሌ አስከትለው በሬን ያንኳኩት፤ ያረፈችውም በዚያው ሳምንት እንደሆነ አድርገው ነገሩኝ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ አዝካራዋን፣ ማለትም ሙት ዓመቷን፣ እያልኩ በዚያ ቀን ሻማ አበራለሁ። እናቴን ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በማይሆን ቀን ሳስባት ኖሬያለሁ።

ሦስተኛ፣ የሞተችበት ቀን በሠላሳ ቀን ውስጥ በሁለተኛ ምንጭ ካልተረጋገጠ ወረቀቴ እንደሚወድቅ አስጠንቅቀውኛል። ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ። ያንን ቀን ከኮሚቴው ይልቅ እኔ እፈልገዋለሁ፤ ወረቀቱ ቢወድቅም እፈልገዋለሁ። የቀረው ምንጭ ቸሩ ብቻ ነው። ጎንደር ደወልኩለት። ከሰላምታ ቀጥሎ አጠገቤ ማን እንዳለ ጠየቀኝ። ማንም እንደሌለ ስነግረው ስለ ዝናቡና ስለ አዝመራው አውርቶኝ ዘጋ። በሌላ ቀን ደውዬ ሰው አለ ብዬ ዋሸሁት። እንግዲያውስ ስልኩን ለሰውዬው አቀብይልኝ አለ። ስልኩን ይዤ ቤቱን ዞር ዞር ብዬ አየሁት፤ የማቀብለው ሰው አልነበረም። ፊት ለፊቴ ትኖር የነበረችው ሺራን ወደ አዲሱ ሰፈር ወደ ካርሜ ጋት ገብታለች፤ በምትኳ የመጡት ሰዎች ስማቸውን ገና አልነገሩኝም። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር የምንተዋወቀው በሰላምታ ብቻ ነው። ክቡርነትዎ፣ ብቸኛ ነኝ። ይህን በወረቀቴ ውስጥ ያልጻፍኩት ርቀት ለመጠበቅ ብዬ ነው።

ስለዚህ የተከበረው ኮሚቴ ከአባላቱ አንዱን ለግማሽ ሰዓት ያህል ቤቴ እንዲልክልኝ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። ከዓርብ በቀር በየትኛውም ከሰዓት በኋላ ይመቸኛል። አማርኛ ማወቅ አያስፈልግም። ወንድሜ አቀብይልኝ ሲል ስልኩን ተቀብሎ ሻሎም ማለት ይበቃል፤ ከዚያ ወንድሜ ቀኑን ይነግረኛል፣ ኮሚቴውም ሁለተኛ ምንጩን ያገኛል። ምናልባት ቀኑን ስሰማ እንግዳዬ ክንዴን ቢይዘኝ ደስ ይለኛል፤ ይህ በመማሪያ መጽሐፍዎ ውስጥ የሌለ ዘዴ መሆኑን አውቃለሁ።

ለእውቀትዎ፣ ለትዕግሥትዎና ለሰጡኝ ሠላሳ ቀን ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣
ርቀቷን ያልጠበቀች ተማሪዎ፣
ሙሉእመቤት

ማስታወሻ፦ በተማሪነት መመዝገቢያው ቅጽ ላይ አደጋ ቢደርስ የሚጠራ ሰው የሚለውን ቦታ ባዶ ትቼ ሳስገባ የኮሌጁ ጸሐፊ ሦስት ጊዜ መለሰችልኝ። በአራተኛው የእርስዎን ስም ጻፍኩበት። ሁለት ዓመት ሆነው፤ እውነት መሆኑን እስካሁን ያጣራ የለም።