ከኤርታሌ ያወረድሁት ድንጋይ

ይድረስ እንደ እናት ላሳደገችኝ እህቴ፣ ለእትየ ደብሬ። እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ፣ ዓይንሽስ፣ ያ ክረምት የሚነሳብሽ ወገብሽስ እንዴት አደረገሽ? ልጅሽ ካሳውና ቤተሰቡ ደህና ናቸው? እኔም ባለቤቴ ማዕዛም ልጃችን ታሊም፣ የእስራኤል አምላክ ይመስገን፣ ደህና ነን። እንቅልፍ የነሳኝ ያንቺ ኩርፊያ ብቻ ነው።

ስደውል የሚያነሳው ካሳው ነው። «እሳት ለማየት ተራራ የወጣ፣ እኔን ለማየት ምን አቃተው?» ማለትሽን ነገረኝ። አንጀቴን በላኝ። ስልኩን እምቢ ስላልሽ ይህን በመንገደኛ ላክሁልሽ፤ የልጅ ልጅሽ ሸጋ ታንብብልሽ።

ታሊ እዚህ እስራኤል ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የድንጋይና የመሬት ትምህርት ነው። መምህሯ ተማሪዎቹን ይዞ አፋር ሲሄድ ማዕዛ «ብቻዋን አትሄድም» አለች፤ እኔም ከምሠራበት ፋብሪካ ሖፌሽ፣ ማለት ዕረፍት፣ ጠይቄ ተከተልኋት። ሐሳቤ ከዚያ ወደ ጎንደር፣ ወደ አንቺ ማለፍ ነበር። የገዛሁልሽ ጋቢ እስካሁን ከሻንጣው አልወጣም። መንገዱ ላይ ተኩስ አለ ሲሉኝ ግን ልጅ ይዣለሁና ፈራሁ። ሌሎች በዚያው መንገድ መጥተዋል ትያለሽ፤ እውነትሽን ነው። እኔ ፈራሁ።

ኤርታሌን የወጣነው በእግር ነው፣ ውሃችንን በግመል ጭነን። ታች ያለው ድንጋይ አሮጌና ቡናማ ነው። ላይ ያለው በቅርቡ ፈስሶ የረጋው ጥቁር ሲሆን፣ ሲረግጡት እንደ መስታወት ይሰባበራል፤ ከሥሩ ባዶ የሆነበትም ቦታ አለ። አፋሩ መሪያችን በዱላው እየመታ ድምፁን ያዳምጥና ያልፋል፤ እኛም እሱ የረገጠውን እንረግጣለን። ታሊ በየቦታው ቁጭ እያለች በመዶሻ ትሰብራለች። የድኙ ጢስ ጉሮሮ ይቆርጣል። ጫፉ ላይ ቆሜ ቁልቁል ሳይ መሬት ራሷ ትፈላለች።

እኔ ደግሞ ተራራ ባዶ ራሴን መውጣት አልሆነልኝም። ከታች ካለው አሮጌ ድንጋይ አንዱን አንስቼ፣ ልክ እንደ ስግድ በዓላችን በራሴ ተሸክሜ ወጣሁ። ላይ ስደርስ ስምሽን ጠርቼ፣ ለዓይነ ሥጋ ያብቃን ብዬ አስቀመጥሁት።

በማግስቱ ታሊ አገኘችው። በአዲሱ ላይ አሮጌ ድንጋይ ስታይ፣ ተራራው ከሆዱ የተፋው መስሏት መምህሯን ጠራች። ተሰብስበው ለኩት፣ ፎቶ አነሱት። እኔን ላብ አጠመቀኝ። የኋላ ኋላ የእኔ ነው አልሁ። መምህሩ አልተቆጣም፤ ነገ የሚመጣውን ሰው ስለሚያሳስት መልሰህ አውርደው አለኝ። ታሊ ግን «አባ፣ ላማ?» ብላ ለምን እንዳደረግሁት በዕብራይስጥ ጠየቀችኝ። ጎንደር፣ አምቦበር ለስግድ ተራራ ስንወጣ፣ ልጅ ነበርሁና ሲደክመኝ የእኔን ድንጋይ ከራስሽ ድንጋይ ላይ ደርበሽ ትሸከሚልኝ እንደነበር ነገርኋት። ቁልቁለቱ ላይ ጉልበቴ ሲከዳኝ ድንጋዩን ከራሴ አንስታ በራሷ ላይ አደረገችው።

ትናንት ስግድ ነበርና ኢየሩሳሌም ወጥተን ዋልን። ታሊ ሌላ ጊዜ ስልኳን ስትነካካ ነበር የምትውለው። ትናንት ግን ቄሶቹ ጸልየው እስኪጨርሱ በራሷ ላይ ሁለት ድንጋይ ደርባ ቆመች። ሰው ሲጠይቃት «የላይኛው የአክስቴ ነው፤ የመግቢያ ተራዋ ደርሶ ከጎንደር እስክትመጣ እኔ ነኝ የምሸከምላት» አለች። በአማርኛ ነው ያለችው።

ካሳውን፣ ሚስቱን እንጉዳይን፣ ሸጋን በያሉበት ሳሚልኝ። ማዕዛ እጅ ነስታለች። ይህ ደብዳቤ ከደረሰሽ በኋላ ሰንበት እንደወጣ ስልኩ ሲጮህ የምትደውልልሽ ታሊ ናት። ለእኔ ባታነሺ ለእሷ አንሺላት።

ወንድምሽ ስሜነህ
ራማት ቬርበር፣ ፔታህ ቲክቫ
ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.