ሰፈራችንን ስላበለጸገው አማካይ ገቢ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር የገቢ ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ሥራዎ እንዴት ነው? እኔ ጤናዎን ከልቤ እመኛለሁ፤ ድንገት ጤናዎ ቢጓደል እንኳን ከደጅዎ ሐኪም እንደማይጠፋ ሳስብ ልቤ ያርፋል።

ክቡርነትዎ አያውቁኝም። በአንድ ማተሚያ ቤት መጽሐፍና መጽሔት የምጠርዝ ሠራተኛ ነኝ። ነገር ግን ሥራዎን ከብዙ አንባቢ በፊት በእጄ ዳስሼዋለሁ፤ ምክንያቱም መሥሪያ ቤትዎ የግብር መዝገብንና የሕዝብ ቆጠራ መዝገብን አገናኝቶ ያወጣውን የመጀመሪያውን የሰፈሮች ገቢ መግለጫ ያጠፍኩት፣ የሰፋሁትና ጀርባውን በሙጫ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ወረቀቱ ወፍራምና ለስላሳ ነበር። ሽፋኑ ላይ ያሉት ሰዎች ሁሉ ፈገግ ብለዋል።

በምሳ ሰዓት፣ ጠርዙ ተንጋዶ ስለተቆረጠ ከተጣለ ቅጂ ላይ ዓይኔን ጣል ሳደርግ፣ የእኛ ሰፈር ከፍተኛ ገቢ ካላቸው ሰፈሮች በሦስተኛ ደረጃ ተቀምጦ አገኘሁት። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ክቡርነትዎ ሰፈራችንን ስላላዩት ልንገርዎ፤ ዝናብ ሲዘንብ ከመንገዱ ይልቅ ቦዩ የሚሻል፣ ግድግዳው ተደጋግፎ የቆመ፣ ሰው ቆርቆሮውን በድንጋይ ተጭኖ የሚያድርበት ሰፈር ነው። ቅጂውን በብብቴ ይዤ ወደ ቤት ሄድኩ።

ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት። ወይም ነበረች። ያን ዕለት በእግር በሚረገጠው ማሽኗ የተማሪዎች ሸሚዝ እየሰፋች ነበር። የሰፈራችንን አማካይ ገቢ ሳነብላት መርገጡን አቆመችና ቀና ብላ፣ «ታዲያ የእኔን ድርሻ ማን ወሰደው?» አለችኝ። ጎረቤታችን ጎሚስታው ሳቃችንን ሰምቶ በበሩ ብቅ አለ። እሱም ሲሰማ፣ «እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ የሰው ጎማ አልነፋም፤ እኔም ሀብታም ነኝ፣ የሚነፋልኝ ይምጣ» ብሎ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ተንጎራደደ። እንባችን እስኪፈስ ሳቅን። ለዚያ ሳቅ መሥሪያ ቤትዎን ማመስገን ይገባኛል፤ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ስቀን አናውቅም።

ምስጋናዬን በቁጥር ለማቅረብ ይፈቀድልኝ፤ ክቡርነትዎ ቁጥር እንደሚወዱ ስለማውቅ ነው።

አንደኛ፤ ስለ ጤና ጣቢያችን። መግለጫው ከወጣ ጥቂት ወራት በኋላ የጤና ጣቢያው በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ሰፈሩ ከፍተኛ ገቢ ያለው መሆኑ በይፋዊ መረጃ ስለተረጋገጠ፣ አገልግሎቱ ይበልጥ ችግረኛ ወደሆነ አካባቢ መዛወሩን በትሕትና ይገልጻል። ባለቤቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት፤ ቀኝ እግሯ ላይ አልድን ያለች ትንሽ ቁስል ነበረቻት። እዚያ የነበረችው ሲስተር ቁስሏን በየሁለት ቀኑ ታጥብላትና ፋሻ ትቀይርላት ነበር። ባለቤቴ በአንድ ሸሚዝና በሌላው መካከል ሄዳ፣ ሲስተርን ስለ ልጆቿ ጠይቃ፣ ክሩ ከመርፌው ሳይወልቅ ትመለሳለች። ጤና ጣቢያው ከተዛወረ በኋላ ግን ሁለት ታክሲ ይዞ፣ የቀረውን በእግር ተጉዞ፣ ቀኑን ሙሉ ተሰልፎ መዋል መጣ። ለቁስል ሲባል በቁስል መራመድ ማለት ነው። ከተማዋን እንድታይ ስለረዷት እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፤ ስለ መስተንግዶዎ። ጉዳዩ ስህተት ይሆናል ብዬ፣ እንደ ሞኝ ማለት ነው፣ ከሥራ አስፈቅጄ ወደ መሥሪያ ቤትዎ መጣሁ። የተወለወለ ወለል፣ ቀዝቃዛ አየር፣ በየማዕዘኑ አቧራ ያልነካው ተክል። አንዲት የስታቲስቲክስ ባለሙያ ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ፤ ከልቤ እላለሁ፣ ጨዋ ልጅ ናት።

«ጋሼ፣ ቁጥሩ እኮ ስህተት የለበትም» አለችኝ። «የምናሰላው በሁለቱም መዝገብ ላይ የሚገኘውን ሰው ብቻ ነው። ተቆጥሮ ግብር ከፋይ ካልሆነ ስሌቱ ውስጥ አይገባም።»

ስለዚህ የቀን ሠራተኛው፣ ጉሊት ቸርቻሪዋ፣ ጎሚስታው፣ ሰው ቤት ልብስ አጣቢዋ፣ ባጠቃላይ የሰፈሩ ሰው ማለት ይቻላል፣ በስሌቱ የሉም። ያለነው ደመወዛችን ሳይደርሰን ግብሩ የሚቆረጥብን እኔን መሰል ጥቂቶች፣ የንግድ ፈቃድ ያላት ባለቤቴ፣ ሁለት አስተማሪዎች፣ እና፣ እሷ እንዳለችኝ፣ አንድ በጣም፣ እጅግ በጣም ሀብታም ሰው ነን።

«ማነው እሱ?» አልኳት።

«የሰው ማንነት አንነግርም፣ ጋሼ። ምስጢር ነው።»

ምስጢርነቱን አከብራለሁ፤ ሆኖም ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ባለሲሚንቶው ነው። እኛ ሰፈር ተወልዶ፣ ሲሚንቶ ነግዶ ከበረና ከወጣ ብዙ ዘመኑ ነው፤ እናቱ ግን ቤቴን አልለቅም ብለው እዚያው ቀሩ። የሕዝብ ቆጠራው በደረሰበት ጊዜ እናቱ ታመው ነበርና ሊያስታምማቸው መጥቶ አደረ። ቆጣሪው በማለዳ በሩን አንኳኳና ማን እዚህ አደረ ብሎ ጠየቀ። እሱም እውነቱን ተናገረ። ቅር አልሰኝበትም፤ እናቱን የሚያስታምም ልጅ ሁሉም ይመኛል። በማግስቱ ወደ ግቢው ሲመለስ ገቢው ግን ከእኛ ጋር ቀረ።

«እባክሽ ልጄ፣ ይህን ሰው ወደ ቤቱ መልሱልን» ብዬ ለመንኳት።

«ለመዝገቡ ቤቱ ያደረበት ነው» አለችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ይገባኛል ጋሼ። ግን እኛ ቁጥሩን ብቻ ነው የምናወጣው፤ ለምን እንደሚውል የሚወስኑት ጤና ቢሮዎች ናቸው» አለችኝ።

ጤና ቢሮ ሄድኩ። እዚያ ያገኘሁት ሰውዬ ከስልኩ ላይ ቀና ሳይል፣ «ቁጥሩን ያወጣነው እኛ አይደለንም» አለኝ። በሁለቱ መካከል ኳስ ሆኜ ከረምኩ። ጎሚስታውና እኔ የሰፈሩን ሰው አስፈርመን ለክቡርነትዎ ያስገባነው አቤቱታም መልስ አግኝቷል፤ ስለሰጠነው አስተያየት ተመስግነናል።

ሦስተኛውን በቁጥር ልጽፈው ሞክሬ እጄ እምቢ አለኝ። እንዲሁ ልንገርዎ።

ባለቤቴ መንገዱ ሲከብዳት መቅረት ጀመረች። «ነገ እሄዳለሁ፤ ይህቺን ሸሚዝ ልጨርስ» ትላለች። ስቆጣት ትቆጣኛለች፤ «አንድ ቀን እዚያ በዋልኩ ቁጥር ሥራዬን ሌላ ሰው እየወሰደው ነው፣ አንተ ምን አለብህ፣ ደመወዝተኛ!» ትለኛለች። ፋሻውን ራሷ በፈላ ውሃ እያጠበች ትጠቀልለዋለች። አንድ ማለዳ ትኩሳት እንደ እሳት አንድዷት፣ ስሜን እንኳን አሳስታ ስትጠራ አገኘኋት። ጎሚስታው ሊጠግን የተቀበለውን የሰው መኪና ባለቤቱን ሳያስፈቅድ አስነስቶ ሆስፒታል አደረሰን። ሐኪሙ ቁስሉን አየ። ከዚያ ወደ ውጭ ጠራኝና፣ «ቶሎ ቶሎ ቢታጠብ ኖሮ እዚህ አይደርስም ነበር። አሁን እግሩን ካላነሳነው እሳቸውን እናጣለን» አለኝ።

ከጉልበቷ በታች ተቆረጠ። ማሽኑን የምትረግጥበት እግሯ ነው።

ስትነቃ አላለቀሰችም። ብርድ ልብሱ ባዶ ሆኖ የተኛበትን ቦታ ለረጅም ጊዜ አየችው። ቀጥላም፣ «ማሽኑ በእጅ እንዲዞር ተደርጎ ይቀየር ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ይቀየራል አልኳት። እንደማምን አስመስዬ ማለቴ ነው፤ እሷም እንዳመነች አስመሰለች፤ ከዚያም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሞክረነው ነበር። በአንድ እጅ እያዞሩ በአንድ እጅ ጨርቅ መምራት ልምድ ይጠይቃል፤ የተማሪዎቹ ሸሚዝ ደግሞ ልምድ እስክታገኝ አይጠብቅም። ማሽኑን ሸጥነው። የንግድ ፈቃዷንም እኔ ሄጄ መለስኩላት።

በዓመቱ ሁለተኛው መግለጫዎ ለጥረዛ ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። ክቡርነትዎ፣ ሰፈራችን ወደ ሁለተኛ ደረጃ ከፍ ብሏል። የማንም ደመወዝ እንዳልጨመረ ስለማውቅ ግራ ገባኝና ለዚያች ጨዋ ልጅ ስልክ ደወልኩላት። አስታወሰችኝ። ቁልፍ ስትመታ ይሰማኝ ነበር። ቆይታ፣ «ጋሼ፣ ዝቅተኛ ገቢ የነበራቸው አንድ ሰው ከግብር መዝገቡ ወጥተዋል። እንደዚያ ሲሆን አማካዩ ከፍ ይላል» አለችኝ።

«ያቺ ሰው ሚስቴ ናት» አልኳት።

ቁልፍ መምታቷን አቆመች። ከዚያ፣ «አዝናለሁ» አለች። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የሰማኋት ብቸኛ የሐዘን ቃል እሷ ናት። እባክዎ ልጅቷን እንዳይቆጧት፤ ቃሏ መግለጫው ላይ አልታተመችም።

ተጨማሪ ምስጋና የማቀርበው አከራያችን መግለጫዎን ማንበብ ስለጀመሩ ነው። ከዚህ በፊት ሲያነቡ አይቻቸው አላውቅም። ባለቤቴ ክራንቿን ደገፍ ብላ በር ላይ ተቀምጣ ሳለ መጡና የቤቱን ኪራይ እጥፍ ማድረጋቸውን ነገሩን። ሁኔታችንን እያዩት እንደሆነ ሳስረዳቸው፣ «አይ ወንድሜ፣ መንግሥት ራሱ የመሰከረላችሁን ሀብት እኔ ልካድ?» አሉኝ።  

ክቡርነትዎ፣ ይህን የምጽፈው እንዲያደርጉልን የምፈልገው ነገር ስላለ አይደለም። ጤና ጣቢያው እንደማይመለስ አውቃለሁ። እግርም አይመለስም። ደብዳቤ መጻፍ ድካም ነው ብዬ ትቼው ነበር፤ ባለቤቴ ናት፣ «ጻፍላቸው። ምንም ባያደርጉም፣ አላወቅንም እንዳይሉ» ያለችኝ። እንግዲህ አውቀዋል። አሁን ከእኛ ጋር እኩል ነዎት፤ እኛም አውቀን ምንም ማድረግ አልቻልንም።

ሁለት ታላላቅ መዝገቦችን ያገናኘች እጅዎ አትዛል፤ ወንበርዎ አይነቃነቅ፤ አማካይዎ ዘወትር ወደ ላይ ይውጣ እያልኩ፣ በስሌትዎ ውስጥ በመገኘቴ የምኮራ፣ ከስሌትዎ የወጣች ሴት ባል፣ ትሑት ግብር ከፋይዎ ነኝ።

ጠራዡ

ማሳሰቢያ፦ መልስ ለመስጠት ቢያስቡ በቀድሞው አድራሻ አይላኩልን፤ ኪራዩን ስላልቻልነው ቤቱን በዚህ ወር መጨረሻ እንለቃለን። የሚገቡት አዲሶቹ ተከራዮች ባልና ሚስት ናቸው፤ ሁለቱም ዳጎስ ያለ ደመወዝ አላቸው፣ ግብራቸውንም በወቅቱ ይከፍላሉ። ጎሚስታውም ሱቁን እንዲለቅ ተነግሮታል፤ ቦታው ለመኪና መሸጫ ተፈልጓል። ስለዚህ እንኳን ደስ አለዎት፤ ቁጥርዎ በቅርቡ እውነት ይሆናል።