ጊታሬ ያለ እኔ ሰርግ ሄደ

ጥር 4፣ ሰኞ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት፣ ቢሮ

ለሚመለከተው ሁሉ፦ የጊታሬ የፊተኛው ፒክአፕ ባደረበት የረጅም ጊዜ ሕመም ትናንት ከአገልግሎት መሰናበቱን በጥልቅ ሐዘን እገልጻለሁ። ሟቹ መኪና አይደለም። ከክሮቹ ስር ተጋድሞ ድምፃቸውን ወደ ስፒከር የሚልክ፣ ሽቦ የተጠመጠመበት ማግኔት ነው። የኋለኛው በሕይወት አለ፤ ግን ጉንፋን አልለቀቀውም። ሁለቱም ይቀየራሉ። ተወስኗል።

ደብተሬ፣ አትሳቂ። ጅጅጋ ከተመደብኩ አራት ዓመቴ። ከሰኞ እስከ ዓርብ መዝገብ ቤት ነኝ፤ ስሜ የሚጠራው ፋይል ሲጠፋ ብቻ ነው። ቅዳሜ ግን ከጓደኛዬ ከናቲ ጋር ሰርግ እንጫወታለን። እሱ ኪቦርድ፣ እኔ ጊታር። ሰው የምሆነው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው።

ጥር 7፣ ሐሙስ

ፒክአፖቹ ከድንበር፣ ከቶጎ ውጫሌ ገቡ። ያስመጣችልኝ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የምትሸጠው ሆዳን ናት። ወላሂ ኦርጅናል ነው ብላ ሦስት ጊዜ ማለች። አንዴ ብትምል አምናት ነበር።

ጥር 9፣ ቅዳሜ፣ ማታ 12 ሰዓት ገደማ

ናቲ ቤት ዋልኩ። አሮጌዎቹን አወጣ፣ አዲሶቹን በሊድ በየደ። እጁ አይንቀጠቀጥም፤ የቀዶ ጥገና ሐኪም በሉት። ሰካነው። ደብተሬ! ወፍራሙ ክር ደረት አወጣ። ቀጭኑ እንደ ብርጭቆ ጠራ። አንቺሆዬ ጀመርኩ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። (በይፋ የሊዱ ጭስ ነው ተብሏል።)

ናቲ ገና ነው አለ። ማግኔቱ እንዲላመድ እያንዳንዱን ድምፅ ለብቻው ምታ፣ እስኪሞት ድረስ ጣትህን አታንሳ። ስድስት ክር፣ ከላይ እስከ ታች። መጀመሪያ በቀስታ፣ ከዚያ በኃይል። ላፕቶፑን ከፍቷል፤ የድምፁን ሞገድ ልይ ብሎ። ጎረቤት በሩን ጠረቀመ። ሦስት ሰዓት ሙሉ። አንድም ጊዜ አልሰለቸውም። እንዲህ ያለ ጓደኛ ከየት ይገኛል።

ጥር 16፣ ቅዳሜ

ሥራ የለም። ናቲ እንደሚለው ዘንድሮ ሰርገኛ የሚፈልገው ኪቦርድ ብቻ ነው፤ ጊታር ቀርቷል። አዘነልኝ። ትከሻዬን መታ መታ አደረገ። ካልሲ አጠብኩ። ጊታሬ ከተፈጠረ እንዲህ አምሮበት አያውቅም፤ አድማጩ ካልሲ ነው።

ጥር 20፣ ረቡዕ

ሆዳን ከሱቋ ጮኸችብኝ። «ዋርያ፣ አንተ መዝገብ ቤት! ቅዳሜ የአጎቴ ልጅ ሰርግ ላይ ጊታርህ ነበር፤ አንተ የት ሄድክ?» ቤት ነበርን፣ እኔም ጊታሬም፣ አልኳት። «የሸጥኩትን ፒክአፕ አላውቅም እንዴ? የልጄን ድምፅ እንደማወቅ እኮ ነው!» ስቄ አለፍኩ። ባጃጅ ውስጥ ሳቁ አለቀ።

ጥር 23፣ ቅዳሜ

ናቲ ዛሬ ባቢሌ ሰርግ አለው። «ኪቦርድ ብቻ።» ጊታሬን አንግቼ ሚኒባስ ያዝኩ። ካራማራን ስናልፍ ራሴን ገሠጽኩ፤ ጓደኛ አይጠረጠርም፣ ገመድ በመሰካት ላግዘው ነው የምሄደው።

ድንኳኑን ከማየቴ በፊት ሰማሁት። የእኔ ጊታር። ጣቴን ሳላነሳ እስኪሞት የጠበቅሁት እያንዳንዱ ድምፅ። ጊታሩ ግን ጀርባዬ ላይ ነው፤ ቦርሳው ውስጥ፣ ዚፑ ተዘግቶ። ለካ ያን ቀን ማግኔት አልነበረም የሚላመደው። ላፕቶፑ አንድ በአንድ ሲቀዳኝ ነበር፤ አሁን ናቲ ኪቦርዱን በነካ ቁጥር እኔ እወጣለሁ።

በር ላይ የቆሙት የሙሽራው አጎት ቦርሳዬን አይተው በአክብሮት ከለከሉኝ። «ጊታሪስቱ ገብቷል የኔ ልጅ። አንድ ይበቃናል።»

ወዲያውኑ ዞርኩ። አንገቴን ቀና አድርጌ፣ አንዲት ደቂቃ ሳልቆም።

ጥር 25፣ ሰኞ፣ ከሥራ መልስ

ናቲ ጋ ሄድኩ። አልካደም፤ ያቃጠለኝ ይሄ ነው። ጊታርህን መቼ ወሰድኩ፣ ቤትህ አይደል ያለው ይለኛል። እኛ ቢሮ ኮፒ እንኳ ያለ ፊርማ አይወጣም አልኩት። «አንተ ደግሞ፣ ሁሉን ነገር ፋይል አታድርገው!» ብሎ ሳቀ። የቅዳሜዬን ሬሳ ፊት ለፊቴ አጋድሞ ይስቃል።

ቀጥሎ፣ ደብተሬ ያዥኝ፣ ጉተታዎቹ ይቀሩኛል አለ። ክሩን በጣትህ ገፋ አድርገህ ድምፁን የምታስለቅሰው፣ እሱን ኪቦርዱ አልቻለበትም። ቅዳሜ መጥተህ እሱንም አስቀድተህ ትሞላልኛለህ? በጓደኝነት።

አስብበታለሁ አልኩ። አስብበታለሁ! ምን ዓይነት ፍጡር ነኝ?

ጥር 28፣ ሐሙስ

ናቲ ሦስት ጊዜ ደወለ፣ አላነሳሁም። በአራተኛው አነሳሁና አልመጣም አልኩ። ምክንያት አልሰጠሁም።  ከጀርባው ጊታሬ ይሰማል፤ በአንድ እጁ እየተለማመደ ነው።

ጉተታዎቹ ከእጄ አይወጡም። ተወስኗል።

ማስተካከያ፦ በጥር 23 ቀን «ወዲያውኑ ዞርኩ፣ አንዲት ደቂቃ ሳልቆም» ተብሎ የሰፈረው ስህተት መሆኑ ተረጋግጧል። ጸሐፊው ከድንኳኑ ጀርባ፣ ከውሃ በርሜሉ አጠገብ፣ አራት ዘፈን ሙሉ ቆሞ አዳምጧል። ድምፁ ያምር ነበር። በሙሽሪት ዘፈን ላይ፣ ጉተታው በሚገባበት ቦታ፣ ኪቦርዱ ዝም ብሎ አልፏል፤ በዚያች ቅጽበት የጸሐፊው ጣት በቦርሳው ላይ የጊታር ክር የሌለበትን ጨርቅ ገፍቷል። የጎደለውን የሰማ ሌላ ሰው ስለመኖሩ ማስረጃ አልተገኘም።