ከታናናሾቻችን ጋር

እስቴ፥ መካነ ኢየሱስ
ጥቅምት ፭ ቀን ፲፱፻፴፭ ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድምዓለም፤ ደብረ ታቦር።

ብርቄ ማክሰኞ ዕለት ነጻ ወጣች። ልጇ አዲስዓለም በአባዬ ቤት ናት።

እንደምን ሰንብተሃል? ያ ሳል ተወህ ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእማዬ ጉልበት ክረምቱን ብሶባት ነበር፤ ፀሐይ ሲወጣ ተሻላት። ገብሱም ዘንድሮ ጥሩ ይዟል። ሰላምታዬን ማሳጠሬን ይቅር በለኝ፤ ከማክሰኞ ወዲህ እጄም ልቤም አልሰበሰብ ብሎኛል።

የአዋጁን ነገር አንተ በቢሮ ቀድመህ ሳትሰማ አትቀርም። እዚህ የተነበበው ባለፈው ቅዳሜ በገበያ ነው። ባሪያ የሚባል ከእንግዲህ የለም ተባለ። እውነቱን ልንገርህ፥ ያን ቃል ከብርቄ ጋር አገናኝቼው አላውቅም ነበር። እኛ የቤት ልጅ ነበር የምንላት። አዋጁ ሲነበብ ግን የገበያው ሰው ዞሮ እኛን አየ።

ከዚያ በፊት መስከረም ሃያ አንድ የማርያም ማኅበር በእኛ ቤት ነበር። አባዬ ከጣሊያን መውጣት ወዲህ አንድ ልማድ አላቸው፤ ማኅበሩ በተሰበሰበ ቁጥር እስራኤል ከግብፅ እንዴት እንደወጡ እንዲያስተምሩ ቄስ ወልደ ሰንበትን ይለምኗቸዋል። ቄሱም ግብፅ ሲኦል፥ ፈርዖን ዲያብሎስ፥ ባሕሩ ጥምቀት እንደሆነ ያመሰጥራሉ። አባዬ በበኩላቸው ፈርዖን ጣሊያን ነው ባይ ናቸው፤ ባሕሩ የተከፈለበት ቦታ ሲደርስ እንባቸው ይመጣል። ያን ዕለትም እንደዚያው ሆነ። ብርቄ ጠላ ስትቀዳ ነበርና ማሰሮዋን እንዳቀፈች ቆማ ቀረች። ጎረቤታችን ፈንታው፥ ቀይ ባሕሩን በእኔ ዋንጫ ላይ አደረቅሽው እኮ ብሎ ማኅበርተኛውን አሳቀ።

ማክሰኞ ጠዋት አባዬ ደጅ ተቀምጠው ብርቄን አስጠሯት። በአዋጁ መሠረት ነጻ መሆኗን፥ አንዲት ጊደርና ሁለት ቁና ገብስ ይዛ ወደ ፈለገችበት መሄድ እንደምትችል ነገሯት። ፊታቸው በርቶ ነበር። ቀጥለው ልጅቱ በእጃቸው ያደገች ስለሆነች እንደምትቀር ተናገሩ። የቤቴ ልጅ ናት አሉ።

እግራቸውን ትስማለች ብለን ስንጠብቅ ብርቄ ቀና አለች።

«ጌታዬ፥ ይህ ቃል የእርስዎ አይደለም። ቄሱ ሲያስተምሩ ሰምቼዋለሁ። ሂዱ፥ ልጆቹ ግን ይቅሩ ያለው ያ ሰውዬ ነው።»

ስሙን አልጠራችም።  ፈንታው ከአጥሩ ማዶ፥ አንበጣው እንደሆነ ካቻምና መጥቷል፥ የቀረን ጓጉንቸር ነው ሲል ተሰማ። እማዬ ሳቋን በነጠላዋ ሸሸገች።

አባዬ ተቆጡ። ሴቲቱ ያልተባለ ነገር ሰማች ብለው ቄሱን አስጠሩ። ቄስ ወልደ ሰንበት የሚያርሱት ማሳ የአባዬ መሆኑን ታውቃለህ። መጽሐፋቸውን ይዘው መጡ፤ ተቀመጡ ቢባሉ አልተቀመጡም። ዘጸአትን ገልጠው መጀመሪያ በግዕዝ አነበቡት፤ ከዚያ በአማርኛ ተረጎሙት። ሙሴ ከታናናሾቻችንና ከሽማግሌዎቻችን ጋር እንሄዳለን ማለቱን፥ ፈርዖን ደግሞ ወንዶቹ ብቻ ይሂዱ ማለቱን ለሁላችን አሰሙን። አባዬ፥ ይህ እኮ ምሳሌ ነው፥ ባሕሩ ጥምቀት ነው ሲሉ አልነበረም ወይ ብለው ጠየቋቸው።

«ጥምቀት ነው፥ ግራዝማች» አሉ ቄሱ። «አዲስዓለምን በሰማንያ ቀኗ ያጠመቅኋት እኔ ነኝ። ተሻግራለች።»

ወንድምዓለም፥ እኒያ ሰው ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። አባዬ ተነሥተው ወደ ቤት ገቡ። ብርቄ ጊደሯን አልነዳችም፤ ልጄን ሳልይዝ ምን ልነዳ ብላ ከቄሱ ሚስት ዘንድ አረፈች። ከዚያ ወዲህ ሰው ከአጨዳ ሲመለስ በዚያ በኩል እያለፈ እንኳን ደስ ያለሽ ይላታል። እሷም፥ ገና ነው፥ ግማሼ ነው የወጣው ትላለች።

ትናንት ነገሩ ዳኛው ፊት ቀረበ። ዳኛው አስቀድመው የልጅቱ አባት ማን እንደሆነ ጠየቁ። ብርቄ መሬት መሬት አየች። አባዬ ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደውን መንገድ አዩ። ዳኛውም፥ አባት መጥቶ ልጄ ናት፥ ከእናቷ ጋር ትሂድ ካለ ማንም ሊይዛት እንደማይችል፥ አባት ካልቀረበ ግን የአሳዳጊዋንም ቃል መመዘን እንዳለባቸው አስታወቁ።

አንተ በኅዳር ዘመትህ፤ እሷ በግንቦት ተወለደች። በጠላት ጊዜ ብርቄ እሷን በጀርባዋ አዝላ እስከ ስማዳ ቆላ ድረስ ስንቅ ታመላልስ ነበር፤ አባዬም በረሃ ሳሉ ከዚያው ስንቅ በልተዋል። ዛሬ ስድስት ዓመት አልፏታል፤ ፊደል ለይታለች። እማዬ ፀጉሯን ስትሠራት፥ ይህ ግንባር ከሩቅ አልመጣም ትላለች። አባዬም የያዟት በክፋት እንዳልሆነ ይገባኛል፤ በማዕዳቸው ላይ ከእሷ በቀር የሚያጎርሱት የላቸውም። አንተ በየደብዳቤህ ስለ ቦራው በሬ ሳይቀር ትጠይቃለህ። ስለ እሷ አንድ ቀን ጠይቀህ አታውቅም፤ እኔም ጽፌልህ አላውቅም። ጥፋቱ የሁለታችን ነው።

ብርቄ ማንንም ጥሪልኝ አላለችኝም። የምጽፍልህ በራሴ ነው። ይህን የያዘው ይሁኔ ቅዳሜ ይደርስሃል፤ መንገዱ በበቅሎ አንድ ቀን ተኩል ነው።

ሕዝቡን በደረቅ ያሻገረ አምላክ ጤናህን ይጠብቅልህ፤ እመ ብርሃን ከፊትህ ትቅደም። ዳኛው የቀጠሩት ለጥቅምት ፲፯፥ ማክሰኞ ጠዋት ነው።

መንገድ መንገዱን የምታይ
እህትህ