ለሥዕሉ ያልሰገደው ወንድሜ

መስከረም ፳፰ ቀን ፲፱፻፲፰ ዓ.ም.፣ አራዳ

ይድረስ ለክቡር አባቴ ለቄስ ወልደ ገሪማ። ከእናቴ ጋር እንዴት ከርማችኋል? እኔ የፈጣሪ ቸርነት ሳይለየኝ አለሁ። የአናጢነት ሥራዬም ደህና ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ከወንድሜ ከአስገዶም ጋር ገበያ ወረድን። አንድ ሥዕል ሻጭ የእመቤታችንን ሥዕል ገልጦ ሲያልፍ ሰው ሁሉ ሰገደ። አስገዶም ግን ከሚሲዮኖች መማር ከጀመረ ወዲህ እንደሚለው፣ «ሰው ለቀባው እንጨት አልሰግድም» ብሎ ቆመ። አንዱ ጭንቅላቱን በዱላ መታው። ሲወድቅ ሌሎቹ በድንጋይና በእርግጫ ተረባረቡበት። እኔም ላዩ ላይ ተኝቼ፣ እርስዎ እንዳስተማሩን፣ «የአምልኮ ስግደት ለፈጣሪ ብቻ ነው፤ ለእርሷ የአክብሮት ነው! ልጅ ነው፣ አልገባውም!» እያልኩ ጮኽኩ። ማን ይስማኝ? የግራ እጄ ሁለት ጣቶች ተሰበሩ። ሰዉ የተበተነው ዘበኞች ደርሰው ሲተኩሱ ነው።

ቤት አስገብቼ ደሙን ሳጥብለት፣ «ስትሰግድላት በልብህ ምን ትላታለህ?» አለኝ።

«እናታችንን እጅ እንደምነሣት እጅ እነሣታለሁ እንጂ፣ ፈጠርሽኝ አልላትም» አልኩት።

«ይህን ቀደም ብለህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» ብሎ ዓይኑን ጨፈነ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አይናገርም። ወተት በማንኪያ እሰጠዋለሁ፤ ትናንት ሁለት ማንኪያ ዋጠልኝ። አንዳንዴ «አባባ ይምጣ» ይላል። ለእናቴ ትንሽ ጠብ ነበር ብለው ብቻ ይንገሯት። መልስ በነጋዴ እጅ አይላኩ፤ እርስዎ ራስዎ ቢመጡ ይሻላል። ወንዙም ጎድሏል። እህሉ እስኪታጨድ አይጠብቁ።

ጉልበትዎን ስሜ እሰናበታለሁ።

ልጅዎ አጽብሐ